ሾኮላ በግንቦት

ግንቦት ነው። ድሬ ናት። ከቀትር በኋላ።
ምን የነካው ሰው ነው፣ በዚህ ሐሩር፣ ሾኮላ የሚያፈላ?
ጎረቤቴ ፈትሂያ በአጥር አጮልቃ
«ለኔስ በበረዶ!» አለችኝ፣ ሳቋን ለቃ።
አልመለስኩላትም። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ነው፣
ካርቶን አጥፌ ደገፍኩት፤
ዘይት የነካውን የጨርቁን ጎን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

በረንዳው የምድር ባቡር ነው፣ ከዚራ፤ ጣውላው ሲረግጡት ይጮሃል፣
የመስኮቱ አረንጓዴ ቀለም እኩሌታው ተልጧል።
እንግዶቼ አራት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ፣
ዕድሜያቸውን ከአባቴ ጋር ለሐዲድ የሰጡ፦
ሮብሌ፣ አው ኢድሪስ፣ ጋሽ ደምሰው፣
እና ጂብሪል፣ ቃል ከአፉ የማይወጣው።

ካካዎውን ከታይዋን ገበያ ነው ያመጣሁት፣
ሻጩ በእናቱ ሲምል በአባቴ ምዬ ያስቀነስኩት።
ሁለት ድስት፦ ባንዱ የላም ወተት፣ ባንዱ ከሽንሌ የመጣ የግመል፣
ጭስ ጭስ የሚል፣ ጨው ጨው የሚል።
ቀረፋ በሳህን። የተወቀጠ ዝንጅብል።
ሙሸበክ፣ ማሩ ጣት ላይ የሚቀር።
ሚጥሚጣ፣ በእንቁላል ማስቀመጫ፣ ለደፋር።
ልጄ ከስልኳ ያየችው ጥጥ የመሰለ ነጭ ከረሜላ ነበር፤
ድሬን አዳርሼ አጣሁት፣
በሐልዋ ተካሁት፣
አኮረፈች።
ከኩርፊያዋ ስትመለስ በካርቶን ክዳን፣ በቀይ እስክርቢቶ
«ትኩስ ቸኮሌት ባር» ብላ ጻፈች፣ ፊደሉ ተንጋዶ፣ ተጎትቶ።
«ባር» የሚለውን አው ኢድሪስ እንዳያይ
የሐልዋውን ሳህን አቆምኩበት ከላይ።

አባቴ ከጅቡቲ ሲገባ፣ ሌሊት፣ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ፣
ከካፖርቱ ሥር ቆርቆሮ ያወጣ ነበር፣ ዝሆን የተሳለበት።
እናቴን ቀስቅሶ ያስፈላል።
እኔን ቀስቅሶ ያስጠጣል።
መራራ ነበር። ስኳር በቀበሌ ራሽን ነበር።
ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር።
እስከ ዝቃጩ ጠጣሁለት።
«ወደደችው!» አለ። በሚቀጥለው ጉዞ ሌላ ቆርቆሮ።
እንዲህ፣ ዘጠኝ ዓመት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጡ፣ ኮት ለብሰው፣ በዚያ ሙቀት!
ገና ጨብጠውኝ ሳይቀመጡ ጠፋ መብራት።
ቬንትሌተሩ ሁለቴ ተንገዳግዶ ቆመ።
«ወደ ውጭ!» አለ ሮብሌ፣ ባቡር እንደሚያስነሳ።
ወንበር ወጣ። ድስት ወጣ። ከሰል ወጣ። ጠረጴዛው ካርቶኑን ጥሎ
እያነከሰ ወጣ፣ ከኒሙ ሥር።
ልጄ ጽሑፏን ግንዱ ላይ ሰቀለችው፣ ባሩም ታየ፤
አው ኢድሪስ አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣
«የግመሉን ቅጂልኝ» አለ።

«ሾኮላ ሾ!» አለ ጋሽ ደምሰው፣ ፈረንሳይኛው ሳይዝግበት፣
ከዚያ ክርክር ሆነ፦ አይሻ ነው አዲጋላ፣ ሻዩ ይበልጥ የሚጥምበት?
ከአርባ ዓመት በፊት የዘገየች ባቡር ጥፋቷ የማን እንደሆነ
ደምሰው በሮብሌ፣ ሮብሌ በደምሰው ፈረደ።
በመሃል ጂብሪል ስኒውን አስቀመጠ።

«አባትሽ» አለ፣ «ሾኮላ አይወድም ነበር። ሽታው ያጥወለውለዋል።
ቆርቆሮውን ነበር የሚፈልገው፤ ክዳኑ ጥብቅ ነው፣
ለብሎን ይሆናል።»
«ታዲያ ውስጡን?»
«ልጄ ትወደዋለች ይል ነበር።»

ሳቄ መጣብኝ፣ ካካዎው በአፍንጫዬ ወጣ።
ዛሬም ጓዳዬ አለ፣ በዝሆን የታሸገ ብሎን፣
የትኛው ማሽን እንደሚጠራው የማላውቀው።
ቀዳሁ። ስኳር ሁለት ማንኪያ።
ሦስተኛም ጨመርኩ፣ ያኔ ለጠፋው።

ሲጨልም አንድ ባጃጅ ቆመ። ልጁ ጽሑፉን አነበበ፣
ሳይጠየቅ ተቀመጠ፣ ደፋር ነው፣ ሚጥሚጣውን ጨመረ፣
አላበው፣ አስነጠሰው፣ ደገመ።
ሲነሳ ኪሱን እየዳበሰ «ስንት ነው ሒሳብ?» አለ።
«ተከፍሏል» አልኩት።
«ማን ከፈለ?» አላለም።
«ነገስ ትከፍቻለሽ?» አለኝ።